ዘይነባ የጠየቀችኝ ቃል

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሳችን ሐረጎ ላይ ቆመ። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ጎማው ፈንድቶ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ታች ኮምቦልቻ ሸሚዝ የሚያስወልቅ ፀሐይ ነበር፤ እዚያ ዳገቱ ላይ ግን ጉሙ እየተንከባለለ መጥቶ መስኮቱን ሸፈነው። ከኋላዬ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ለጓደኛዋ፣ “ኧረ ዝጊው እባክሽ! ደሴ እኮ ከተማ አይደለም፣ ፍሪጅ ነው” አለቻት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጉልበቴን በጋቢዬ ጠቅልዬ ስጠብቅ ግን ሳቁ ቶሎ ለቀቀኝ። ስለ ብርድ ሲወራ የምትመጣብኝ አንዲት ሴት አለች። መምጣቷ አይቀርም፣ እኔም እየደከመኝ ነው፤ እስቲ ዛሬ ልጻፋት።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ስንት እንደሆነ በትክክል አልናገርም፤ ዓመቱ ይምታታብኛል። የማይምታታብኝ ሌላ ሌላው ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ መሳፈሪያው ሦስት ብር ነበር፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ “ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!” እያለ ይጣራል፣ ሁለቱ ከገቡ በኋላ አራት ይጨምራል። ፒያሳ ላይ ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ይጠጣል፤ ብርጭቆዋ ትንሽ፣ ስኳሯ ብዙ። ሙዚቃ ቤቶቹ በራቸው ላይ በሰቀሉት ድምፅ ማጉያ እርስ በርስ ሲጯጯሁ፣ የአንዱ ዘፈን ዜማ ከሌላው ግጥም ጋር ተደባልቆ ሦስተኛ ዘፈን ይሆናል። እኔ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ስለሆንኩ ዘፈን አልሰማም ባይ ነበርኩ፤ ነገር ግን ከአራዳ እስከ መናኸሪያ ስወርድ በልቤ የማልጨርሰው ዘፈን አልነበረም። ቤታችን ውስጥ በፊት በፊት በር ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንዘምረው። ያኔ ግን ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነች አዳራሽ ሠርተን እሁድ እሁድ እስኪወጣልን እንጮህ ነበር፤ ክረምት ሲሆን ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ሰባኪው አፉን ዘግቶ ዝናቡ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ከሳልባጅ ተራ በሃያ ብር የገዛሁት ጥቁር ሰማያዊ ካፖርትም ነበረኝ። ደሴ ላይ እስከ አንገቴ ቆልፌው እወጣለሁ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ ክንዴ ላይ ይንጠለጠላል።

የምወርደው ለማስተማር ነበር። ደሴ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ ለፋብሪካ ሠራተኞች አስተምራለሁ። ከፈረቃ ወጥተው ሳይታጠቡ የሚመጡ ነበሩ፤ ቅንድባቸውና ሻሻቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ተቀምጦ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ሁሉ ሽበታም ይመስላል። ሲደክማቸው ዴስኩ ላይ ይተኛሉ፤ አልቀሰቅሳቸውም። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ ያቋረጡትን ትምህርት ሊጨርሱ የሚታገሉ ሰዎች ነበሩ፣ እኔንም ከሚገባኝ በላይ ያከብሩኝ ነበር። “ዲክሽነሪ” የሚል ስም አውጥተውልኛል። መንገድ ላይ ሲያዩኝ አንዱ ለሌላው “ያው ዲክሽነሪ መጣ” ይላል። ያልሰማሁ መስዬ አልፋለሁ እንጂ ስሙ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ደሞዜ ትንሽ፣ ጫማዬ ደጋግሞ የተሰፋ ሰው ነበርኩና ያ ስም ልብሴም ምግቤም ነበር።

ዘይነባ ከሐርቡ የመጣች፣ በሽመና ክፍል የምትሠራ ሴት ናት። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ባሏ ፈትቷት፣ አንዲት ሴት ልጇን ለእናቷ ትታ ኮምቦልቻ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። በሰማያዊው የሥራ ቱታ ላይ ነጭ ሻሽ ታስራለች፣ ኮንጎ ጫማዋ ሁልጊዜ የታጠበ ነው። ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። በራሷ ጊዜ፣ ማንም ሳያዛት፣ የድሮ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ከሰኞ ገበያ እየገዛች ታነብ ነበር፤ አንዳንዱ ሽፋን የለውም፣ አንዳንዱ ገጹ ለቆሎ መጠቅለያ ተቀዷል።

አንድ ቀን ልንጨርስ ስንል እጇን አነሣች።

“ቲቸር፣ አይቆጡኝና አንዲት ቃል ልጠይቅዎት።”

“ጠይቂ።”

“ጂ፣ ኢ፣ ኤል፣ አይ፣ ዲ። ጄሊድ ትባል ይሆን? አንዲት ሴትዮ በር ከፍታ ስትወጣ ስለ እሷ ነው መጽሐፉ የሚያወራው፤ ቀጥሎ ያለው ገጽ ተቀዷል።”

ቃሏን አይቻት አላውቅም ነበር። በመምህርነት በቆየሁበት ዘመን ሁሉ፣ በንባብም በፈተናም፣ አጋጥማኝ አታውቅም። አላውቃትም ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። ነገር ግን ሠላሳ ሰው አፌን እያየ ነው፤ ከኋላ አንዱ “ዲክሽነሪ ይመልሳታል” ሲል ሰማሁ። ጠመኔውን አነሣሁና ቃሏን ሰሌዳው ላይ ጻፍኳት። ጽፌ ሳያት ጄሊ ትዝ አለኝ፣ ሆቴል ውስጥ አንዴ የቀመስኩት የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ ነገር።

“ጄሊ ታውቃላችሁ? ፈሳሽ ሆኖ ቆይቶ የሚረጋ ነገር ነው” አልኩ። “ጄሊድ ከዚያ የመጣች ናት። የረጋ ማለት ነው። ለሰው ስትሆን የሰከነ፣ የማይቸኩል፣ ረጋ ያለ ሰው። የምስጋና ቃል ናት።”

“ማሻአላህ፣ እንዴት ደስ ትላለች” ብላ ዘይነባ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። በቀይ እስክሪብቶ አሰመረችበት።

ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ነበር፤ ለማንሣት ሁለት እጅ ይፈልጋል። ጄሊድን አገኘኋት። እጅግ የቀዘቀዘ፣ በረዶ የሆነ ማለት ናት። ለሰው ስትነገር ፊቱ የማይፈታ፣ ፍቅር የሌለው፣ ልቡ ቀዝቃዛ። ምስጋና የሚባል ነገር አልፎባት አያውቅም። ሥሯን ደግሞ ዝቅ ብሎ ጽፎታል፤ ከላቲን የመጣች፣ በላቲን ውርጭ ከሚባለው ቃል የተወለደች ናት ይላል። ጄሊም ከዚያው ቤት የወጣች እህቷ ናት። ይባስ ብሎ ለብርድ ተራው ሰው የሚላት፣ እኔ አንደኛ ክፍል የተማርኳት “ኮልድ” ራሷ በሩቁ ዘመዷ ሆና ተገኘች፤ አንደኛዋ በላቲን በኩል በመጽሐፍ ገባች፣ ሌላዋ ከገበሬው አፍ ሳትወጣ ኖረች። እዚያው ቁጭ ብዬ የእኛንም አሰብኩ። ብርድ አለን፣ ቁር አለን፣ ውርጭ አለን፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚያድር አመዳይ አለን፣ ጣት የሚያደርቅ ቆፈን አለን። ሁሉንም አንድ በአንድ የቀመሰ የደሴ ሰው የእንግሊዝን ብርድ ሳያውቅ መቅረቱ እንዴት ያሳፍራል!

ከማፈሬ ጋር ግን ትንሽ ደስታም ነበረኝ፤ እውነቱን ልናገር። የጄሊው ነገር ትክክል ነበር። ግማሹን አግኝቼዋለሁ ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት። ማታ ራት ላይ ለባለቤቴ ለወርቄ ሳጫውታት እንጀራውን እየቆረሰች፣ “እና ሰኞ ታርመዋለሃ?” አለችኝ።

“አርመዋለሁ።”

“አላውቅም ብትል ኖሮ ግን ምላስህ ይቆረጥ ነበር?” አለች። መልስ አልፈለገችም።

ሰኞ አላረምኩትም። ስገባ የሌላ ትምህርት ጥያቄ ተነሣ፣ ረቡዕ ፈተና ነበር፣ ዓርብ መብራት ጠፋ። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ዘይነባ ባየኋት ቁጥር ፈገግ ትላለች፣ እኔም ያንን ፈገግታ ማጣት አልፈለግሁም። እንግዳ ቃል ናት፣ ሁለተኛ የት ታገኛታለች፣ ትረሳታለች አልኩ። እሁድ እሁድ አዳራሻችን ውስጥ ቆመን ኃጢአታችንን እንናዘዝ ነበር፤ “በድለናል፣ አጥፍተናል” እያልን፣ ሁላችንም በአንድ ድምፅ። በብዙ ቁጥር ሲሆን እንዴት ይቀል ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ዘይነባ ከክፍል ቀረች። ሁለት ቀን ቀረች፣ ሦስተኛም። ከፈትል ክፍል የሚመጣውን አንዱን ተማሪዬን አስቀርቼ ጠየቅሁት። እያየኝ ትንሽ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሳቁን ዋጠው።

“አልሰሙም እንዴ ቲቸር? ለጥራት ቁጥጥር መዝጋቢነት ተወዳድራ ነበር። ከማሽኑ ጩኸት የሚያወጣ ሥራ ነው፣ ሁላችንም ስንመኘው የኖርን። ማሽን ሊተክል የመጣው ፈረንጅ ከፈታኞቹ ጋር አብሮ ተቀምጦ ስለ ራስሽ በእንግሊዝኛ ንገሪን አላት። ‘እኔ ጄሊድ ሴት ነኝ’ አለችው።”

“ከዚያስ?”

“ፈረንጁ መጀመሪያ አልገባውም። ደግማ ስትነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ እንዲህ አርጎ አሳያቸው” ብሎ ልጁ ክንዱን በክንዱ አቅፎ ተንቀጠቀጠ። “በረዶ የሆነች ሴት ማለት ነው አላቸው። አሁን ፋብሪካው ውስጥ ስሟ በረዶ ሆኗል። ባሏ ለምን እንደፈታት በራሷ አፍ ተናገረች እያሉ ይስቃሉ።”

ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ካፖርት መልበሴን እንኳ ያወቅሁት ሚኒባስ ውስጥ ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤቴ ቀደም ብዬ ወጥቼ የፋብሪካው በር ላይ ጠበቅኋት። ፈረቃው ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ይቀረዋል። በሩ አጠገብ አያ ይማም የሚባሉ ጀላቲ ሻጭ ነበሩ፤ ውስጧ በጆንያ የተለበጠች የእንጨት ሳጥን ይዘው ከዛፉ ሥር ይቀመጣሉ። ቀይና ቢጫ ጀላቲ በአሥር ሳንቲም። አንድ ገዝቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሳጥኑ ላይ “ጀላቲ” ብለው በቀለም ጽፈዋል። ያችን ጽሑፍ ሳያት ቆየሁ።

“አያ ይማም፣ ይሄ ጀላቲ የሚሉት ስም ከየት መጣ?”

“ተጣልያን ነዋ፣ መምህር!” አሉኝ። “እኔ በልጅነቴ ደሴ ተአንድ ጣልያን ቡና ቤት ብርጭቆ አጥብ ነበር። ሰውዬው ጠዋት በሩን ሲከፍት አመዳይ ጥሎ ሲያይ፣ ‘ጄሎ! ጄሎ!’ እያለ እጁን ያፋትጋል። ውርጭ ማለቱ ነው። ጀላቲም ተዚያው ናት፤ የበረደች፣ የረጋች። ወላሂ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ይችን ግን አውቃታለሁ።”

ጀላቲው እጄ ላይ ቀለጠ። ዘይነባ በየቀኑ በዚህ ሳጥን አጠገብ ታልፋለች። ያን ቀን አላውቅም፣ እስቲ አብረን እንፈልጋት ብዬ ቢሆን ኖሮ ከሠላሳው ተማሪ አንዱ ጀላቲን ባነሣ ነበር፤ ሁላችንም ስቀን በገባን ነበር። እኔም በልጅነቴ ቃሏን በምላሴ ስልሳት ኖሬ እንግዳ ናት አልኳት።

የፋብሪካው ጡሩምባ ጮኸ፣ ሠራተኛው እየተጋፋ ወጣ። ዘይነባ ከሴቶቹ ተለይታ ብቻዋን ትመጣ ነበር። ከኋላዋ አንድ ወንድ “በረዶ! ዛሬስ አልቀለጥሽም?” ብሎ ሲጣራ ዞር አላለችም። ጠራኋት። ቆመች።

“እንዴት ዋሉ ቲቸር” አለች፣ እግሬን እያየች።

ያዘጋጀሁትን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ላቲኑን፣ ጄሊውን፣ የጣልያኑን ጄሎ፣ የአያ ይማምን ጀላቲ። “ከሥሯ ካየሻት እኮ ያልኩሽም ጨርሶ ስሕተት አይደለም፤ ውሃ ሲበርድ ይረጋል፣ ቃሏ ሁለቱንም...” እያልኩ ሳለ ቀና ብላ አየችኝ።

“ቲቸር፣ እኔ ሥሯን መች ጠየቅሁዎት?”

በጀላቲ የተጣበቀ እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ።

“ያን ቀን ሲነግሩኝ ያውቋት ነበር?”

“አላውቃትም ነበር።”

“ኋላስ? ኋላ አወቋት?”

መዋሸት እችል ነበር። ደክሞኝ ይሁን ፈርቼ፣ አልዋሸሁም። “በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አወቅኋት” አልኩ።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ሳምንቶቹን እያሰበች እንደሆነ ገባኝ። “እኔ ተፈረንጁ ፊት ሳልቀርብ በፊት ማለት ነው” አለች። “እናቴ ሐርቡ ሆና ሰምታለች፣ ቲቸር። ባሌ የፈታኝ ሌላ ሊያገባ ነበር። አሁን ሰው ሁሉ ምክንያቱን ከእኔ አፍ የሰማ ይመስለዋል።” ሻሿን አጠበቀችና ሄደች። አያ ይማም ሳጥናቸውን እየከደኑ ነበር፤ አላዩኝም፣ ወይም እንዳላዩ ሆኑልኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ለእሷ ሳይሆን ለሌላ ሰው ነው ያደረግሁት። የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ስሕተቱ የእኔ ነው፣ እሷ ያስተማርኳትን ነው የተናገረችው ብዬ ነገርኩት። ደግ ሰው ነበር፤ ቬንቲሌተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ።

“በዚህ ነው የተጨነቁት? ቦታው እኮ አስቀድሞ ሰው ነበረው። ቃሏን ባትናገርም አታገኘውም ነበር” አለኝ።

“እንግዲያው በረዶ እያሉ መጥራታቸውን እንዲያቆሙ ለሠራተኞቹ ይንገሩልኝ።”

“ሳቅ በማስታወቂያ ይከለከላል እንዴ ቲቸር?” አለና ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ቦታው የተያዘ ነበር ሲለኝ ቅልል አለኝ። በመቅለሌ ነው እስከ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የማፍረው። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ቃሏን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ትክክለኛውን ፍቺ ነገርኳቸው፤ ስጠየቅ አላወቅሁትም ነበር፣ ሳውቀውም ደብቄያችሁ ነበር አልኩ። ማንም አልሳቀም። የፊት ወንበሯ ባዶ ነበር፣ ዓመቱ እስኪያልቅም ባዶውን ቆየ። ከዚያ ወዲህ ያላወቅሁትን አላውቅም ማለት ለመድኩ። “ዲክሽነሪ” የሚለውም ስም ቀስ በቀስ ቀረ፤ ማንም ሳይነጥቀኝ እንዲሁ ተረሳ።

ጊዜው ሄደ። ሦስቱ ብር አምስት ሆነ፣ አሥር ሆነ፤ አያ ይማም ሞቱ፤ ካሴት የሚሸጡት ቤቶች ሞባይል መሸጥ ጀመሩ። የማታውን ትምህርት ተውኩት፣ ቀጥሎ ጡረታ ወጣሁ። ኮምቦልቻ ስወርድ የፋብሪካውን ሰፈር በሌላ መንገድ እዞረው ነበር።

ያኔ አዲስ የነበረው መንግሥት ሊያልቅ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ውስጥ አገኘኋት። መጀመሪያ ያወቀችኝ እሷ ናት። ወፍራለች፣ መነጽር አድርጋለች፣ እጇ ላይ ትልቅ ዘንቢል አለ። “ቲቸር! አሉ እንዴ?” አለችኝ። ልጇ ነርስ ሆና ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ እንደምትሠራ፣ እሷን ልትጠይቅ እየሄደች እንደሆነ ነገረችኝ። እሷ ራሷ ሽመናው ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርታ ጆሮዋን ማሽኑ ወስዶት ወጣች። ትምህርቱን አልጨረሰችውም። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ቅሬታ ያለባት አትመስልም ነበር፣ የአየር ሁኔታ የምታወራ ነው የምትመስለው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ለኃላፊው ተናግሬአለሁ፣ ለሠላሳ ተማሪ ተናግሬአለሁ፣ ለሚስቴም ለፈጣሪዬም ተናግሬአለሁ። ለእሷ ግን ሥርና ዘር ስቆጥርላት ነበር እንጂ ዋናውን፣ ይቅር በይኝ የሚለውን፣ አላልኳትም።

“ዘይነባ፣ አፉ በይኝ” አልኳት ቀስ ብዬ።

“ምን አሉ?” ብላ ጆሮዋን አስጠጋች።

“አፉ በይኝ!”

“አልሰማሁም ቲቸር፣ ጮክ ይበሉልኝ።”

ጮህኩ። በመናኸሪያው መካከል፣ ረዳቶቹም ሎሚ ሻጯም ዞረው እስኪያዩኝ ድረስ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ “አፉ በይኝ፣ ዘይነባ! በድዬሻለሁ!” አልኩ።

ሰማች። ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀምጣ መነጽሯን አውልቃ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው።

“አፉ ብያለሁ” አለች። “አላህም አፉ ይበልዎት።” መነጽሯን መልሳ አደረገች። “ግን ቲቸር፣ ይችን ያን ቀን በሩ ላይ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ክፍሌን አልተውም ነበር።”

ረዳቱ “ደሴ! የመጨረሻ አንድ ሰው!” ብሎ ጮኸ። ዘንቢሏን አቀበልኳት፣ ገባች። ሚኒባሱ ወጣ። እኔ የሚቀጥለው እስኪሞላ ድረስ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።